ፍሪሲዮን ነው ወይስ ሞተር? ለአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤት የንጽጽር መመሪያ

ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው የቸርችል ጎዳና አሮጌ መኪናን አይምርም። ታች ብሔራዊ ቴአትር ጋ ሰላም የነበረ መኪና ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ ገመናው ይወጣል። የእኔም እዚያው ነው የተጋለጠችው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ነዳጅ ረገጥኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ባለችበት ነች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው። አደባባዩ ላይ የሴባስቶፖል ቅጂ ተቀምጧል። ዋናው መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጥቷል። የእኔዋ ጉድ ስድስት ሲሊንደር ይዛ ፒያሳ መድረስ አቃታት።

ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ከማርሚታው የወጣውን ጥቁር ጭስ አየ። "ሞተሩ አልቋል ብሮ፤ መውረድ አለበት" አለኝ። አላመንኩም፤ ይልቁንም ማመን አልፈለግኩም። በማግስቱ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድኩ። መኪናዋ ውስጥ ገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ አንድ ነገር ሞከሩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

"ልጄ፣ ሞተርህ ደህና ነው። ፍሪሲዮንህ ነው ያለቀው። ማነው ሞተር ያለህ?"

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ክፍል ነው። ሞተር ማውረድና ፍሪሲዮን መቀየር በዋጋ አይገናኙም። ደግሞ ከዚያ በፊት ተቃራኒውን ስህተት ሠርቻለሁ። ጉልበት አጣች ብዬ ደህና ፍሪሲዮን አስቀይሬ፣ ጥፋቱ የናፍጣ ፊልትሮው ሆኖ ተገኘ። ፊልትሮ መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ፍሪሲዮኑን ለማግኘት ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ማውረድ ግን የአንድ ቀን።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪናውን አጥብቆ የያዘ ሰው በዝቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲተው የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ዘለለ። ስለዚህ እዚህ ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ላይ ያስቃል። የምጽፈው ከየትኛው በፊት የትኛውን መሞከር እንዳለብዎትና ምርጫ ሲቀርብልዎ የትኛው እንደሚያዋጣ ነው። የእኔ መኪና በፈረንጆቹ 1993 የተሠራች ኤችዜድጄ75 ስትሆን፣ ሞተሯ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ ነው። ነገሩ ግን ለፓትሮልም ለፓጄሮም ለድሮው ላንድሮቨርም ብዙ አይለይም።

አንድ አቋም አለኝ። ካምቢዮ አንዴ ከወረደ ለሁሉም ነገር ይወርዳል፤ እዚያ ቁጠባ የለም። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ግን ሞተሩ ሳይለካ አይከፈትም፤ እዚያ ደግሞ ስስት ይፈቀዳል።

መጀመሪያ፦ የሚጮኸው ማነው?

"ጉልበት አጣ" የሚባል መኪና ከሦስት አንዱን ነው የታመመው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተለውም፤ ይሄ ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ራሱ አይጮህም፣ ቢረግጡትም ይታፈናል፤ ይሄ ሞተር ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ፍሬን ይዞ ሊሆን ይችላል። አሥር ደቂቃ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬ ያስጠጉ፣ አይንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ሞተሩንም ፍሪሲዮኑንም ይተዉአቸው።

ፍሪሲዮን መንሸራተቱን መንገድ ላይ ለማወቅ ጭር ያለ ሜዳ መንገድ ይፈልጉ። እሁድ ጠዋት ጥሩ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ በከፍተኛ ማርሽ፣ በ50 ኪሎሜትር አካባቢ ሆነው ነዳጁን አንዴ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ። ድምፁ ዘሎ ፍጥነቱ ከቀረ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስኮ የሚይዝበት ልባስ) አይዝም። የአርፒኤም ጌጅ የሌለው ወይም ያለው የማይሠራ አሮጌ መኪና ብዙ ነው፤ ጆሮ ይበቃል።

ጋሼ ያደረጉት ደግሞ የቆመ መኪና ሙከራ ነው። ሜዳ ቦታ፣ ከፊትና ከኋላ ሰው ሳይኖር፣ የእጅ ፍሬን ሙሉ ተስቦ። እግር ፍሬን ላይ ዝግጁ ይሁን። ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ጤነኛ መኪና ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው ወይ አልቋል ወይ ዘይት ጠጥቷል። የእጅ ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ ግን ሙከራው ምንም አይነግርዎትም። ደጋግመውም አይሞክሩት፤ ለማወቅ ብለው የቀረውን ሸራ ይጨርሱታል።

ሽታም ምስክር ነው። እንጦጦ ሲወጡ የሸተተ እንደሆነ ፍሪሲዮን ነው፤ ሲወርዱ የሸተተ እንደሆነ ፍሬን። የሁለቱ ሽታ ያው ስለሆነ ሰው ይምታታበታል።

ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ፔዳሉ

ፍሪሲዮን ሁለት ዓይነት ጥፋት አለው። አንዱ አልይዝም ማለት ነው፤ ከላይ ያየነው መንሸራተት። ሌላው አልለቅም ማለት ነው። ፔዳሉን ወለል ድረስ ረግጠውም ማርሽ አይገባም፣ በተለይ የኋላ ማርሽ ጥርሱን ይፈጫል። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ መካኒክ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይሂዱ።

አልለቅም የሚል ፍሪሲዮን ብዙ ጊዜ ካምቢዮ ማውረድ አይፈልግም። ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይምቱትና ማርሹን ይሞክሩ። ከተመታ በኋላ ከገባ ጥፋቱ ከዘይት መስመሩ ነው። ፔዳሉ ጋ ላይኛው ፖምፓ አለ፤ ካምቢዮው ጎን ታችኛው ፖምፓ አለ፤ መሀላቸው የፍሬን ዘይት ነው። የዘይት ዕቃው ጎድሎ እንደሆነ ይዩ። ከፔዳሉ ጀርባ፣ ምንጣፉን ገልጠው ይዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ላይኛው ፖምፓ ያፈሳል። ከታች ገብተው የታችኛውን ፖምፓ የጎማ ኮፍያ ገለጥ ያድርጉ፤ ዘይት ከፈሰሰ አገኙት።

እዚህ ላይ ምርጫው የውስጥ ጎማውን ብቻ መቀየር ወይስ ሙሉ ፖምፓውን ነው። ጎማው ርካሽ ነው። የፖምፓው ውስጥ በዝገት ከተቦረቦረ ግን አዲሱን ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላዋል። የጣትዎን ጥፍር ወደ ውስጥ ሰደው ያሂዱት። የሚይዝ ነገር ካለ ሙሉውን ይቀይሩ። ልስልስ ካለ ጎማው ይበቃል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ዝገቱም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሁለቱም ቢሆን አሮጌውን ዘይት አስፈስሰው በአዲስ ይሙሉ። አየሩም ይውጣለት።

አንድ የክረምት ጉዳይ አለ። ሐምሌና ነሐሴን ሳይንቀሳቀስ ግቢ የቆመ መኪና ሸራው ቮላኖው (ሞተሩ የሚያዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ዝጎ ይጣበቃል። መስከረም ላይ ቢያስነሱት ማርሽ አይገባም። ይሄ መበላት አይደለም። ሞተሩን አስነስተው በደንብ ያሙቁት፤ ብዙ ጊዜ ሙቀቱና ትንሽ ንቅናቄ ያላቅቀዋል። እምቢ ካለ ክፍት ቦታ ያለው መካኒክ ይሞክረው እንጂ ጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ በግድ ማርሽ አስገብቶ መኪና ማስፈንጠር ለአጥርም ለሰውም ጥሩ አይደለም።

ድምፅን በተመለከተ ይሄን ይያዙ። ፔዳል ሲረግጡ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። በዜሮ ማርሽ ፔዳሉን ለቀው የሚሰማና ሲረግጡ የሚጠፋ ጩኸት ደግሞ የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ካምቢዮው ራሱ መከፈት አለበት።

ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ መኪናስ? ፍሪሲዮን ለመባል ይቸኮልበታል። በመጀመሪያ የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ጎማዎችን ይዩ። የተቀደደ የሞተር ጎማ ልክ የተበላሸ ፍሪሲዮን ይመስላል፣ ዋጋው ግን ከዚያ ጋር አይነጻጸርም።

ካምቢዮ ከወረደ የትኛው ፍሪሲዮን?

እንግዲህ ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። የአራት ጎማ መኪና ካምቢዮ ከባድ ነው። ከኋላው ሁለተኛ ካምቢዮ ተሸክሟል፣ ሁለት የማስተላለፊያ ዘንግ መፈታት አለበት። የሚከፍሉት ትልቁ ገንዘብ ለዚህ ጉልበት ነው። ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ይሄን ጉልበት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው ኪሳራው።

የመጀመሪያው አማራጭ ሸራ ማስመታት ነው። አሮጌው ዲስኮ ላይ ያለው ሸራ ተነስቶ አዲስ ይመታበታል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ግን ዲስኮው መሀል ያሉት ስፕሪንጎችና ዘንጉ የሚገባበት ጥርስ የድሮዎቹ ናቸው። ስፕሪንጎቹን በእጅዎ ይነቅንቋቸው፤ የሚንኳኳ ካለ ሸራው ቢታደስም መኪናው ሲነሳ ያንቀጠቅጥዎታል። እኔ ይሄን የምመርጠው ዕቃው ጨርሶ ለማይገኝ መኪና ብቻ ነው። ዋዝ የሚባለው የሩሲያ ጂፕ ባለቤት የሆነ ወዳጄ እንዲህ ነው የሚኖረው፣ አማራጭም የለውም። ለላንድክሩዘር ግን ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ሶማሌ ተራ የሞላው ኮፒ ነው። ኮፒ ሁሉ አንድ አይደለም። ደህና የሚሠራም አለ፣ ገና ክረምት ሳይወጣ የሚያልቅም አለ። ችግሩ ከውጭ አይለይም። ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ያለ ጭነት ለሚሄድ መኪና ሊያዋጣ ይችላል። ገጠር ለሚወጣ፣ ለሚጭን፣ ለሚጎትት መኪና አልመክርም።

ሦስተኛው የጃፓኑ ነው። አይሲንና ኤክሰዲ ለቶዮታ ፍሪሲዮን የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ናቸው። የቶዮታን ካርቶን ሳይሆን የእነሱን ካርቶን ሲገዙ ለስሙ ሳይሆን ለዕቃው ነው የሚከፍሉት። ግን ካርቶን ይታተማል። አስመስሎ የተሠራ ኤክሰዲ በዓይኔ አይቻለሁ። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ የሪቬቱ ራስ ዝቅና ከፍ ያለ፣ ብረቱ ዳር ዳሩን የሚቧጥጥ ከሆነ ይመልሱት። አሮጌውን ዲስኮ ይዘው ይሂዱ። አዲሱ ላይ ያስቀምጡት፤ ስፋቱ እኩል ይሁን። ጥርሱን ይቁጠሩ። በተቻለ መጠን ደግሞ የካምቢዮው ዘንግ ላይ አስገብተው ይሞክሩት፤ ያለ ግፊት መንሸራተት አለበት። "ያው ነው፣ ይገባል" የሚል ሻጭ መኪናዎን አያውቀውም።

አራተኛ ያገለገለ ፍሪሲዮን የሚሸጥ አለ። አይግዙ። የሌላ ሰው ጫማ ነው።

ሲገዙ ዲስኮውን ብቻ አይግዙ። ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታው ሦስቱም አብረው ይቀየሩ። ቮላኖው መሀል የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ኩሽኔታ አለች፤ ዋጋዋ ከምሳ አይበልጥ ይሆናል፣ ግን መካኒኩ ካላስታወሱት ይረሳታል። እሷ ከነከሰች አዲስ ፍሪሲዮን አልለቅም ይላል፣ ካምቢዮውም እንደገና ይወርዳል። ይሄ በእኔ ደርሷል፣ ስለዚህ ነው የማስረዝመው።

ቮላኖውን ይዩት። ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለበት ተቃጥሏል። በጥፍር የሚያዝ ስንጥቅና ቦይ ካለው ቶርኖ ቤት ወስደው ያስልጉት። ልስልስ ከሆነ ደግሞ ዝም ብለው አይላጉት፤ ብረት በከንቱ መቀነስ ነው። ጥልቅ ስንጥቅ ያለው ቮላኖ ግን አይላግም፣ ይጣላል።

ካምቢዮው የሚገባበት ቤት ውስጥ ዘይት ካገኙ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አይግጠሙ። ሁለት ምንጭ አለው። ከኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጀርባ ያለው ኦይል ሲል የሞተር ዘይት ይለቃል። የካምቢዮው የፊት ሲል ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ይለቃል። በጣትዎ ነክተው ያሽትቱት። የካምቢዮ ዘይት እንደ ድኝ የሚከረፋ ሽታ አለው፣ አይሳሳቱም። የትኛውም ቢሆን ሁለቱንም ሲሎች ይቀይሩ፤ ወርዷል እኮ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይመለስም። በቤንዚን አጥበን እንገጥመዋለን የሚል ካለ ለጊዜው ነው።

የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ለሳንባ መርዝ ነው። ጋራዡ ውስጥ ልጆቹ በኮምፕሬሰር ሲነፉት ካዩ ይከልክሏቸው። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎሜትር ገደማ ረጋ ብለው ይንዱ። ቀበና ድልድይ ጋ መብራት ሲይዝዎት ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አይያዙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። እግርዎን ፔዳሉ ላይ አያሳርፉ። አንድ ብልሃት ልጨምር። የፊት ጎማ መቆለፊያው በእጅ የሚዞር አሮጌ መኪና ካለዎት፣ መቆለፊያውን ፈትተው ዝቅተኛውን የአራት ጎማ ማርሽ ቢያስገቡ ኃይሉ ለኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚሄደው። በጣም ቀጥ ያለ የግቢ ዳገት ላይ ኋላ ለመግባት ሸራ ያድናል።

ሞተር ከሆነ

የተጠረጠረው ሞተር ከሆነ ከርካሹ ይጀምሩ። የአየር ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ቆሻሻ። ነዳጅ ጠፍቶ በጀሪካን የቀዳንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በጀሪካን የገባ ውሃና ደለል ሳልባትዮ ውስጥ ተቀምጧል። ፊልትሮው ታች ያለውን የውሃ ማስወገጃ ፈተው በጠርሙስ ይቀበሉ። ውሃ ከታች ቁጭ ሲል ያዩታል። ቤንዚን ለሚነዳ ደግሞ ካንዴላና ካርቡራተር ናቸው የመጀመሪያዎቹ።

ቀጥሎ ጭስ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ጠዋት ሲነሳ ወጥቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ በደንብ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ያስፈትሹ። ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስና የሚጎድል የራዲያተር ውሃ ካለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ወይም ቴስታታው ራሱ ነው።

ጥቁር ጭስ ላይ ልቆይ፤ ልጁ መካኒክ የተሳሳተው እዚህ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 1ኤችዜድ ቱርቦ የለውም፤ ያገኘውን አየር ነው የሚስበው። ስለዚህ የናፍጣ ፖምፓው ለቆላ በተስተካከለበት ልክ ናፍጣ ከረጨ፣ ደጋ ላይ ጥቁር ያጨሳል። ይሄ የሞተር ማለቅ አይደለም። ፖምፓ ቤት የሚስተካከል ነገር ነው። የእኔ መኪና ጥቁር ጭስ በፊትም ነበረ፣ አሁንም ትንሽ አለ። አዋሽ ስወርድ ይጠፋል።

ይኸው ከፍታ ኮምፕሬሽን ሲለካም ያስታል። የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተርም ከመጽሐፉ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። "መጽሐፉ ይሄን ይላል፣ ያንተ ይሄ ነው፣ አልቋል" ሲሉዎት ይሄን ያስታውሱ። ይልቅ ስድስቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያነጻጽሩ። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ በሽታው እዚያ ነው። ስድስቱም ተመጣጥነው ትንሽ ዝቅ ካሉ ሞተሩ አርጅቷል እንጂ አልሞተም። ሲለካ ባትሪው ሙሉ፣ ሞተሩ የሞቀ ይሁን። ደካማ ባትሪ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ያዘገየዋል፣ ቁጥሩም ይወርዳል።

መለኪያ ከሌለ ሁለት የድሮ መንገድ አለ። ሞተሩ በርጋታ ሲዞር የዘይት መሙያ ክዳኑን ይክፈቱ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው። እንደ ጀበና እየተንፎለፎለ ክዳኑን ካነሳው ፋሻዎቹ (የፒስተኖቹ ቀለበቶች) ደክመዋል። ሁለተኛው፣ መካኒኩ የኢንጄክተሮቹን ቱቦ አንድ በአንድ ያላላል። ሲያላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር። ይሄን እርስዎ አይሞክሩት፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሙቀት ሌላ ጣጣ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ይይዛል፣ ያኔ ከ110 በላይ ይደርሳል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም። ስለዚህ እዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚቀየረው ክዳኑ ነው፤ ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ ከዚያ ራዲያተር ማስጠረግ፣ ከዚያ የውሃ ፖምፓ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቴስታታ የሚነሳው።

ቴስታታ፣ ፋሻ፣ ሙሉ እድሳት ወይስ ሌላ ሞተር?

ተለክቶ፣ ተረጋግጦ፣ ሞተሩ ነው ከተባለ አራት መንገድ ይቀርብልዎታል።

ቴስታታ ብቻ መሥራት የሚያዋጣው የታች ክፍል ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ሲፈላ ጓርኒሲዮኑ ለነደደበት ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሲሄድ በግፊት ይፈተሽ፤ የፈላ 1ኤችዜድ በቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ ልማድ አለው። በዓይን ብቻ አይቶ "ደህና ነው" አይባልም። በተላገ ቁጥርም ይሳሳል፣ ገደብ አለው። አዲሱ ጓርኒሲዮን ደግሞ ውፍረቱ እንዲሁ አይመረጥም፤ በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው።

ፋሻና ብሮንዚና (የኮሎው መደገፊያ) ብቻ ቀይሮ መግጠም በጣም የሚሸጥ አማራጭ ነው። እኔ አልወደውም። ያረጀ ሲሊንደር ክብ መሆኑ ይቀርና ሞላላ ይሆናል። አዲስ ፋሻ ሞላላ ግድግዳ ላይ አይቀመጥም። ጥቂት ወር ያምርና ሰማያዊው ጭስ ይመለሳል። የሚሠራው ሲሊንደሩ በማይክሮሜትር ተለክቶ ደህና ሲሆን ብቻ ነው። "ለካኸው?" ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን በወረቀት ካልጻፈልዎት አልለካም።

ሙሉ እድሳት ውድ ነው። ሲሊንደሩ ሰፍቶ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባል ወይም ካሚቻ (የሲሊንደሩ የውስጥ ልባስ) ይለወጣል፣ ኮሎው ይላጋል፣ ኢንጄክተሮችና ፖምፓ ይፈተሻሉ። ጊዜም ይፈጃል። መኪናውን ሌላ አሥር ዓመት መንዳት ለሚፈልግ፣ ሻንሲውና ቦዲው ላልበሰበሰ ሰው ትክክለኛው ይሄ ነው። ሻንሲው የበላ መኪና ላይ ግን የታደሰ ሞተር መጫን የበሰበሰ ግድግዳ ላይ ሰዓት መስቀል ነው።

ከዱባይና ከሻርጃ የሚመጣ ያገለገለ ሞተር አራተኛው ነው። ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሙሉ እድሳት ይቀንሳል። ግን ሎተሪ ነው። "ይነሳል" የሚለው ቃል ዋስትና አይደለም። ከመክፈልዎ በፊት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ይዩት፤ ሄደው ሲደርሱ ሞቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ይመለሱ። የዘይት ክዳኑ ሥር እንደ እርጎ ያለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተርን ደግሞ አይንኩት። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈ ነው። ሞተር ሲቀየር የግዢውን ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ይዞ ሊብሬው ላይ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ይሄን የዘለለ ሰው ክላውዶ (ዓመታዊ ምርመራ) ሲሄድ ወይም መኪናውን ሲሸጥ ነው የሚያለቅሰው። ሞተሩን ሳይጭኑ፣ መሬት ላይ እያለ፣ የታይሚንግ ቺንጋውን (ቀበቶውን)፣ የውሃ ፖምፓውንና የኋላውን ኦይል ሲል ይቀይሩ። የ1ኤችዜድ ቺንጋ በ100,000 ኪሎሜትር የሚለወጥ ነው፤ ያገለገለ ሞተር ስንት እንደሄደ ደግሞ የሚነግርዎ የለም። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። የድሮው 2ኤች ሞተር ያላቸው ዕድለኞች ናቸው፤ የእነሱ በጥርስ ነው የሚዞረው፣ ቺንጋ የለውም።

እኔ ብሆን? ሻንሲው ጤነኛ ከሆነና ጊዜ ካለኝ የራሴን ሞተር አሳድሳለሁ። በሽታውን አውቀዋለሁ። መኪናው እንጀራዬ ከሆነና አንድ ወር መቆም ካልቻለ ያገለገለ እገዛለሁ፤ ግን አሮጌውን ሞተር አልሸጥም።

የት ይሠራ የሚለው አጭር ነው። የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ ዘንድ ዕቃው ኦሪጅናል ነው፣ ክፍያውም እንደዚያው። ፖምፓና ኢንጄክተር ለፖምፓ ቤት፣ ብረት መላግ ለቶርኖ ቤት፣ ፍሪሲዮን ላንድክሩዘር ለለመደ የሰፈር ጋራዥ። ዕቃውን ራስዎ ይግዙ፣ ሲፈታ ይገኙ፣ አሮጌውን ይቀበሉ። የእኔ አሮጌ ዲስኮ ግቢያችን ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው እኩል ሆኗል። ሞተሩ ይውረድ ያለኝ ልጅ አንድ ቀን ጎማ ሊፈታልኝ መጥቶ አየው። ነካ ነካ አደረገው፣ ሳቀ፣ "ጥርሱ ግን ገና ነው" አለ። እሱስ እውነቱን ነው።